ቢበዛ ስንት ይሆናል?

የመልስ ወረቀት ሳርም አንድ ልማድ አለኝ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስቼ በብርሃን አየዋለሁ። እርሳስ ከጠፋ በኋላም ቦታው አይጠፋም። ላጲሱ የሄደበት ክብ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፣ ወረቀቱም እዚያ ላይ ይሳሳል። ልጁ መጀመሪያ ምን ብሎ እንደነበር፣ ኋላ ወደ ምን እንደዞረ ይነበባል። ባለፈው ሳምንት፣ መርሳ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል መለማመጃ ፈተና ሳርም፣ አንዲት ልጅ ጥያቄ ሃያ ሰባት ላይ "ሐ"ን አጥቁራ፣ እሱን አጥፍታ፣ "መ"ን አጥቁራ አገኘኋት። ትክክሉ "ሐ" ነበር። ከወረቀቱ የላጲስ ሽታ መጣ፤ የጎማና የእጅ ላብ ሽታ። ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥኩ። ከውጭ ባጃጆቹ ወደ መነኸሪያው እየተንጫጩ ያልፋሉ።

ጥያቄው የመቶኛ ጥያቄ ነበር፤ "ከዚህ እስከዚህ በመቶ" የሚለው ዓይነት። ማስረዳት ስለምወድ መጀመሪያ እሱን ላስረዳ፤ እሱ ካልገባ የቀረውም አይገባም። በአንድ ክፍል ሠላሳ ተማሪዎች አሉ እንበል። ሴቶቹ ከሠላሳ አምስት በመቶ አያንሱም፣ ከአርባ አምስት በመቶም አይበልጡም። ቢያንስ ስንት፣ ቢበዛስ ስንት ይሆናሉ? የሠላሳ ሠላሳ አምስት በመቶው አሥር ተኩል ነው። አርባ አምስት በመቶው አሥራ ሦስት ተኩል ነው። ሰው ደግሞ ተኩል የለውም። ስለዚህ ታችኛውን ወደ ላይ፣ ላይኛውን ወደ ታች እናመጣለን፤ ሁለቱም ወደ ውስጥ ይገባሉ። ቢያንስ አሥራ አንድ፣ ቢበዛ አሥራ ሦስት። ዛሬ ይህንን ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር አሥምሬ በአምስት ደቂቃ አስረዳዋለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ግን የማውቀው ታችኛውን ብቻ ነበር። ላይኛውንም የማውቅ መስሎኝ ለሰው አስተማርኩ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከመርሳ ወጣ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ ግራና ነበር። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ። ከወልድያ ሲዛወር እኛንም ይዞን መጣ። ትምህርት ቤት በገባሁበት ቀን ከጎኗ ቦታ የለቀቀችልኝ ልጅ ጓደኛዬ ሆነች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ልጅ ነበረች። ትምህርት ዘግይታ ስለጀመረች በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ረዥም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ የምትሸፍን ልጅ። ደብተሬን በማስመሪያ ከፋፍዬ "አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ" እያልኩ ስጽፍ አይታ ዲሬክተር የሚል ስም አወጣችልኝ። አንድ ነገር ላስረዳት ስጀምር እጆቿን እንደ ትንሽ ተማሪ ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ገና አንደኛውን ሳልጨርስ፣ "እሺ ዲሬክተር፣ ሦስተኛውስ?" ትለኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ታላቅ እህቷ ሳዑዲ ናት። የአጎቶቿ ልጆችም አንድ በአንድ በአፋር በረሃ አድርገው ወደ ባሕሩ ወርደዋል። አባቷ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ የተናገሩትን የማያጥፉ ሰው ነበሩ። ሚኒስትሪን ካለፈች መርሳ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ዘጠነኛን እንድትማር፣ ካላለፈች ግን የአጎቷ ልጅ ስትሄድ አብራ እንድትሄድ ወሰኑ። ይህንን ያሉት ጎረቤት በተሰበሰበበት ስለነበር ቃል ሆነ። ብትወድቂ ደግመሽ እንድትፈተኚ ለምን አይፈቅዱም ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳት። ዕድሜዋን በጣቶቿ ቆጥራ አሳየችኝና አሥራ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ እጇን አወረደችው። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኳትም።

ወንፈሉ የእሷ ሐሳብ ነበር። ገበሬዎቹ ወንፈል ይወጣሉ፤ ዛሬ ያንተን ማሳ አብረን እናርማለን፣ ነገ የእኔን፤ ቀን በቀን ይመለሳል። እኛም በጥናቱ ወንፈል እንግባ አለችኝ። ሰኞና ረቡዕ የእኔ ቀን ሆነ፤ ሒሳብና ፊዚክስ። ማክሰኞና ሐሙስ የእሷ፤ አማርኛና ኅብረተሰብ። መድረሳ ቁርኣን ስትቀራ በቃል መያዝ ለምዳለችና የወንዞቹን ስም ከምንጫቸው እስከ መድረሻቸው ስትወርደው አትሰናከልም። እኔ የምሰናከለው እዚያ ነበር። አንድ ወንዝ በዘለልኩ ቁጥር፣ "ዲሬክተር ውኃ ወሰደሽ" ትለኛለች።

ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሽንኩርቱን ማረም ስላለባት እኔም አብሬያት ቦዩ ዳር እንበረከክ ነበር። አረሙን እየነቀልን እንማራለን። ደብተሩ ድንጋይ ተጭኖበት መካከላችን ይቀመጣል። ፀሐዩ ከወደ ተራራው ዘንበል ሲል ውኃው ላይ ይንጸባረቅና ገጹን እያወዛወዘ ያበራዋል። ውኃ የጠጣ አፈር ሽታ፣ ሲሰበር ዓይን የሚያቃጥለው የሽንኩርት ቅጠል ሽታ፣ ከማዶ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ድረስ የቦዩ ድምፅ። እናቴ ማታ እጄን ስታሸት፣ ሒሳብ ነው ወይስ ወጥ ነው የምትማሩት ትለኝ ነበር።

ወንፈል ሕግ አለው። በሰው ማሳ ላይ የወጣ ሰው አይከራከርም። ባለማሳው ከዚህ ጀምሩ ካለ ከዚያ ይጀመራል፤ እንዲህ ይቆፈር ካለ እንዲያ ይቆፈራል። የራሱን ሙያ በራሱ ቀን በራሱ ማሳ ያሳይ። እኛም ይህንኑ ይዘን ነበር። በእሷ ቀን እኔ ዝም፣ በእኔ ቀን እሷ ዝም።

ቀኑ ረቡዕ ነበር፣ ግንቦት ላይ። የሒሳብ መምህራችን ከድሮ ፈተናዎች ለቅሞ ከሰጠን ወረቀት ውስጥ የሠላሳዎቹ ተማሪዎች ጥያቄ ነበረበት፤ የሚጠይቀው ግን "ቢያንስ ስንት" ብቻ ነበር። አሥር ተኩል መጣ። ክፍል ውስጥ ማጠጋጋት ስንማር፣ ግማሽና ከግማሽ በላይ ከሆነ ወደ ላይ እንደሚጠጋጋ ተምረናል። አጠጋጋሁት፤ አሥራ አንድ። የመልሱን ወረቀት አየሁ፤ አሥራ አንድ። ልቤ ሞላ። ሕጉን አገኘሁት አልኩ። አስተማሪ መሆን ያማረኝ እኔ እዚያ ላይ አላቆምኩም፤ ቢበዛስ ብዬ ከራሴ ጨመርኩ።

እሷ በአረም መንቀያዋ ጫፍ አፈሩ ላይ ሠራችው። አሥራ ሦስት አለች። ተሳስተሻል፣ አሥራ ሦስት ተኩል ስለሆነ ወደ ላይ ይሄዳል፣ አሥራ አራት ነው አልኳት።

"ወደ ላይ ከሄደማ አለፍነው እኮ" አለችኝ። "እስከዚህ ነው የተባልነው። ይሄ የሰው ድንበር መግፋት ነው።"

"ታዲያ አሥር ተኩሉ ለምን አሥራ አንድ ሆነ?"

"እሱማ ወደ ውስጥ ነው የገባው።"

አሁን ሳስበው ማጣራቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ አሥራ አራትን ለሠላሳ አካፍሎ በመቶ ማባዛት፤ ከአርባ አምስት በልጦ ይገኝ ነበር፤ እዚያው ይለይ ነበር። እኔ ግን መልስ ማጣቴ አሳፈረኝ፣ እፍረቱ ደግሞ አናደደኝ።

"ዛሬ የማን ቀን ነው?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች፤ ሳቀች አልሳቀች አልለየሁም። "ያንቺ ነው ዲሬክተር" አለች። "ያንቺ ነው።" ደብተሩ ላይ አሥራ አራት ብላ ጻፈች። እኔም እንዳትረሳው ብዬ ከሥሩ በቀይ አሠመርኩበት፤ ሁለት ጊዜ።

ፈተናው መርሳ ነበር፣ ሰኔ ላይ። በአይሱዙ ተጭነን መጣንና አክስቷ ቤት አረፍን። የማንጎ ወቅት ነው፤ መንገዱ ግራና ቀኝ ማንጎ ተከምሮ ከተማው ሁሉ ጣፋጭና የበሰበሰ ነገር አብሮ ይሸታል። አክስቷ ጠዋት ጠዋት ሁለታችንንም በር ላይ አቁመው ዱዓ ያደርጉልን ነበር፤ እኔ የማላውቀውን አረብኛ ሲጨርሱ ለእኔ ደግሞ፣ "ያንቺም አምላክ ይከተልሽ" ብለው ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋሉ። በስማችን ፊደል ስለተደለደልን ክፍላችን ተለያየ።

የሒሳቡ ዕለት ሙቀቱ ገና ከጠዋቱ የሚያስጨንቅ ነበር። የፈታኙ ጫማ በዴስኮቹ መካከል ሲሄድ ይንጫጫል፤ አንድ ልጅ ከኋላዬ እርሳስ ይቀርጻል። ወደ መጨረሻው ስደርስ ያችን ዓይነት ጥያቄ አየኋት። በአንድ ቀበሌ ሃምሳ አባወራዎች አሉ፤ በመስኖ የሚያለሙት ከሃያ አምስት በመቶ አያንሱም፣ ከሠላሳ አምስት በመቶም አይበልጡም፤ ቢበዛ ስንት ናቸው? የላይኛው ጫፍ አሥራ ሰባት ተኩል መጣ። "ሐ" አሥራ ሰባት ይላል፣ "መ" አሥራ ስምንት። እርሳሴ ወደ "መ" ሄደ።

መስኖ የሚለው ቃል ነው ያቆመኝ። ቦዩ ዳር ተንበርክካ፣ የሰው ድንበር መግፋት ነው ስትለኝ ታየችኝ። አሥራ ስምንትን ወደ መቶኛ መለስኩት፤ አሥራ ስምንት ከሃምሳ ሠላሳ ስድስት በመቶ ነው። አልፏል። አሥራ ሰባትን አጠቆርኩ። ደስ አለኝ እንጂ አልደነገጥኩም። ልክ ነበርሽ እላታለሁ፣ ዓመት ሙሉ ስታሾፍብኝ ትኖራለች ብዬ ፈገግ አልኩ። ሁለት ክፍል አልፋ የተቀመጠችው ልጅ በዚያች ደቂቃ የእኔን ቃል እየታዘዘች እንደሆነ አልመጣልኝም።

ስንወጣ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተሰብስበው መልስ ያመሳክራሉ። እየሮጠች መጥታ እጄን ያዘችኝ፤ ጣቶቿ በእርሳስ ጠቁረዋል።

"የአባወራዎቹን አየሻት?" አለችኝ። "አሥራ ሰባት አጥቁሬ ነበር። ቀይ መስመርሽ ትዝ ሲለኝ፣ ያ ረቢ ብዬ አጥፍቼ አሥራ ስምንት አደረግኳት። ወላሂ አንቺ ባትኖሪ ስቻት ነበር።"

አፌን ስከፍት ይዞን የመጣው የሒሳብ መምህራችን ከጀርባችን ልጆቹ ከበውት ሲናገር ተሰማ። አሥራ ስምንት ያላችሁ ስታችኋል፣ ሰው እንደ ዳቦ አይቆረስም፣ አሥራ ሰባት ነው ይላል። ልጆቹ ግማሹ ጮኹ፣ ግማሹ ራሳቸውን ያዙ። አላየችኝም፤ መምህሩን እያየች በዝግታ ጠየቀችኝ።

"አንቺም አሥራ ስምንት ነው ያልሽው?"

"አዎ" አልኩ። "አሥራ ስምንት።"

ለምን እንዳልኩት ዛሬም በቅደም ተከተል ማስረዳት አልችልም። የራሷን መልስ ሰርቄ የራሴን ስሕተት የሰጠኋት መሰለኝ፤ ያን ደግሞ በአፍ የሚናገሩት እንዴት ነው? እሷ እጄን ጨበጥ አደረገችው። "አብሽሪ" አለችኝ። "አንድ ጥያቄ ናት።" ልታጽናናኝ ነው የፈለገችው።

ውጤቱ የተለጠፈው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፣ ግራና፣ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር የወረቀቱ ጠርዝ ረጥቦ ቀለሙ ወደ ታች ወርዷል። የእኔ ስም ፊት ሒሳብ መቶ ይላል። ልጆች ጀርባዬን እየመቱ ስሜን ጠሩ። የእሷን ፈለግኩ። የስምንቱ ትምህርት አማካይ አርባ ዘጠኝ ነጥብ ሰባት አምስት። የማለፊያው መስመር ሃምሳ ነበር።

ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ ሮጥኩ፤ እውነተኛው ዲሬክተር ዘንድ። ቢጠጋጋ ሃምሳ ነው አልኳቸው። ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ፣ "ውጤት አይጠጋጋም ልጄ፤ መስመር መስመር ነው" አሉኝ። ከቢሮው ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቆሜ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ አሰላሁ። ሒሳብ ሃምሳ ጥያቄ አለው፤ አንዱ ጥያቄ ሁለት ነጥብ ነው። ሁለት ለስምንት ትምህርት ሲካፈል ሩብ ነጥብ ይሆናል። የጎደላት ሩብ ነጥብ ነው። እጄን ጨብጬ ወረድኩ።

እሷ ገና ግድግዳው ፊት ቆማ ነበር። የራሷን መስመር አንብባ ጨርሳለች፤ ጣቷ የእኔ ላይ ነው፣ መቶው ላይ። የማትረዳው ሒሳብ አልነበረም። አንድም ያልሳተች ልጅ አሥራ ስምንት ልትል አትችልም። ዞረችና አቀፈችኝ። "መቶ! ማሻአላህ ዲሬክተር" አለችኝ በጆሮዬ። ሐዘን ላይ ናት፣ ሁለቱን ነገር አላገናኘችውም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እንዲያ ማመን አስፈልጎኝ ነበር።

በማግሥቱ እናቴ፣ ጓደኛሽ አዝናለችና ሂጂ እዪያት አለችኝ። አባቷ ከግቢው በር ላይ፣ ከድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው እንድቀመጥ አደረጉኝ። አብረሻት ስታጠኚ የከረምሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ ብለው ጀመሩ። ከዚያ ዓይናቸውን ማሳው ላይ አድርገው ጠየቁኝ።

"ጭንቅላቷ አልያዝ ብሎ ነው? እውነቱን ንገሪኝ። ቢያንስ ልወቀው።"

ያን ጊዜ መናገር ይቻል ነበር። አባባ፣ ልክ ነበረች፣ ያጠፋኋት እኔ ነኝ ማለት ይቻል ነበር። አንድ ዓመት ይጨምሩላት ነበር ወይ? አላውቅም። ቃላቸው ቃል ነው። ግን እንዲህ አድርገው ሲጠይቁኝ አንድ ነገር የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር፤ ቃላቸውን ለማጠፍ ምክንያት የሚሆን ነገር። መሬት መሬቱን አየሁ። ረዥም ጊዜ ዝም ስል ራሳቸውን ነቀነቁና፣ "በቃ፣ አላህ ያላለው አይሆንም" አሉ። ዝምታዬን መልስ አድርገው ወሰዱት።

በመስከረም አጋማሽ ሄደች። በገበያ ቀን ነው፤ ሰው በሚበዛበት ቀን መሄዱ ይሻላል ተብሎ። መርሳ አስፋልቱ ዳር ከአጎቷ ልጅ ጋር አንድ ትንሽ የትከሻ ቦርሳ ብቻ ይዛ ቆማ ነበር፤ አዲስ ጫማ አድርጋለች፣ ተረከዟን ልጦታል። እየሳቀች አሳየችኝ። ያለቀሱት አክስቷ ናቸው። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ልነግራት የተለማመድኩትን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ ለራሴ ስደግም ሚኒባሱ መጣ።

"አንቺ አስተማሪ ነው የምትሆኚው" አለችኝ። "የሚጠይቅሽን ልጅ ግን የማን ቀን ነው እንዳትዪው።"

ሳቀች፣ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ረዳቱ በሩን እየመታ ቶሎ በሉ አለ። ገባች። ዓረፍተ ነገሩ አፌ ውስጥ ቀረ።

አንድ ጊዜ ከባሕሩ ዳር ደወለች፣ ለእናቷ። ደህና ነኝ፣ ሰው ብዙ ነው፣ ሙቀት ነው፣ በዚህ ሳምንት እንሻገራለን አለች። ከዚያ በኋላ ስልክ የለም። እኔ ዘጠነኛ ገባሁ፤ አክስቷ ቤት ለእሷ የተዘጋጀው አልጋ ላይ ሌላ ዘመድ ተኛበት። ከዓመታት በኋላ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ፣ ከእነሱ ጋር ከሄዱት አንዲቱ ተመለሰች። ጀልባው ሁለት ነበር አለች። የእኛ ደረሰ አለች። ከዚህ ሌላ ማንም ብዙ አልጠየቃትም። እናቷ ግን አስከሬኗን ያየ የለም፣ ልጄ ትመጣለች ብለው እምቢ አሉ። አባቷ ለሞተ ሰው የሚወጣውን ሰደቃ እናውጣላት ሲሉ እናቷ ያለቅሳሉ፤ አባቷም ይተዉታል። ዓመት ዓመት ላይ ሲጨመር እንዲህ ቆየ።

ባለፈው ዓመት እናቷ እሺ አሉ። ሰደቃው የወጣው በአንድ እሑድ ነው። ከመርሳ በሚኒባስ ሄድኩ። ወንዶቹ ዳሱ ውስጥ፣ ሴቶቹ ከጓሮ በኩል ነበሩ። ለእኔ የተለየ ሰሃን ላይ የምስር ወጥ ተቀምጦልኛል፤ ከእንግዶቹ ሁሉ መሀል ክርስቲያን እንዳለች ማን እንዳስታወሰ አላውቅም። እናቷ መጥተው አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። ትንሽ ሆነዋል። ሰሃኑን ወደ እኔ ገፋ አድርገው እንድበላ ጠበቁኝ፤ መጉረስ ስጀምር ነው የተናገሩት።

"ከመሄዷ በፊት ነግራኝ ነበር። ጓደኛዬ መቶ አምጥታ ሳለ እኔም ስቻለሁ ያለችኝ እንዳላፍር ብላ ነው፣ እማ፣ አለችኝ። እስከ ዛሬ አላመሰገንኩሽም። አላህ ይስጥሽ ልጄ።"

ለእሷ ብዬ አይደለም አልኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቦዩን፣ ረቡዑን፣ ቀዩን መስመር። መቶኛ ምን እንደሆነ አያውቁም። በሽንኩርት መደብ መስዬ፣ ምንጣፉ ላይ በጣቴ ሁለት መስመር አሥምሬ፣ የታችኛው ወደ ውስጥ፣ የላይኛው ወደ ውስጥ እያልኩ አስረዳኋቸው። ጣቴን እየተከተሉ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"እና እሷ መጀመሪያ ያለችው ነው ልኩ?" አሉኝ።

"አዎ እማማ። ልክ ነበረች። ብትተወው ኖሮ ታልፍ ነበር።"

እጃቸውን ምንጣፉ ላይ፣ እኔ ያሠመርኩበት ቦታ ላይ አደረጉ። ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አላለቀሱም። አልተቆጡኝም። ልጅ ነበራችሁ አሉኝ። ከዳሱ በኩል የዱዓው ድምፅ ከፍ ብሎ፣ አሚን፣ አሚን ሲባል ይሰማል። ወደዚያ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለአባቷ ግን አትንገሪያቸው" አሉኝ። "ትምህርቱን አልቻለችም ብለው ነው የሰደዷት። በዚያ ነው የሚተኙት። ይህን ከሰሙ አይኖሩም።"

ዱዓው ሲያልቅ ወንዶቹ መበተን ጀመሩ። አባቷ ዱላቸውን ተደግፈው በጓሮ በኩል መጡ፤ መምህርት መጥታለች ተብሎ ተነግሯቸዋል። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። እናቷ ከበስተኋላቸው ቆመው ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም።

"ልጄ ትምህርቱ አልሆነላትም" አሉኝ አባቷ። "የአላህ ሥራ ነው። አንቺ ግን የምትችይውን ሁሉ አድርገሽላታል፤ አልረሳውም። ውለታሽን አላህ ይክፈልሽ።"

"አሜን፣ አባባ" አልኳቸው።